ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ በቀር

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው የለም። ማጋነኔ አይደለም፤ ሕግ ወጥቶብኝ ነው። ሕጉን ያወጣው ቅሬያችን ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን፤ የእኛው ግን ቀብሮ ብቻ አይመለስም፤ ያስታርቃል፣ ይዳኛል፣ ይቀጣል። እኔን ቀጥቶኛል።

ስሜ ሂንድ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ከአስፋልቱ በላይ ባለው ሰፈር፣ ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት ነው። ለውጡ የመጣ ሰሞን ሴቶች ለትራፊክነት ይፈለጋሉ ሲባል ተመዘገብኩ፣ ሠለጠንኩ፤ እናቴ ዑምኩልሱም ከእኔ ሌላ ሰው ስላልነበራት ለምኜ የገዛ ከተማዬ ላይ ተመደብኩ። ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር እኮ! አብሮ አደግን መክሰስ ምን እንደሚያስከትል የነገረኝ አልነበረም። ቢነግሩኝም አልሰማም። እናቴ "ያ ረቢ፣ ይቺ ልጅ አንገቷ ውስጥ ብረት አለ" የምትለው ያለ ነገር አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ከተማሪዎቹ ሰርቪስ ጋር ነው። ዐረብ አገር ያሉ የሐይቅ ልጆች ተዋጥተው ለትምህርት ቤቱ አንድ ያገለገለ ቢጫ አውቶቡስ ከዱባይ ላኩ። ከተማው ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። አውቶቡሱ ከሹፌሩ መስኮት ሥር አንድ ቀይ ሰሌዳ አለው። ልጆች ሲወርዱ ሹፌሩ ታረቀኝ አንዲት ነገር ይጫናል፤ ሰሌዳው እንደ ክንድ ወደ መንገዱ ይዘረጋል። በዐረብኛ "ቁም" ይላል። እሱ ተዘርግቶ ሳለ ከፊትም ከኋላም የሚመጣ መኪና ይቆማል። ልጆቹ ተሻግረው ሲያበቁ ሰሌዳው ይታጠፋል፣ መንገዱ ይከፈታል። መመሪያው ይኸው ነው፤ ሕፃን ልጅ ይረዳዋል።

ሹፌር ግን አይረዳውም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚከንፍ ሹፌር ፍሬን መያዝን እንደ ውርደት ነው የሚቆጥረው። በፊሽካ እያስቆምኩ ምክንያታቸውን እሰማለሁ፤ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ፣ ተሳፋሪ ታሞብኝ፣ አማቴ ሞታ። ከሁሉም የማልረሳው የሙሐመድሁሴንን ነው። "እኔ ዐረብኛ አላነብም" አለኝ። አባቱ ሸህ ሐቢብ ናቸው፤ የሰፈሩን ልጅ በሙሉ፣ እኔንም ጭምር ቁርአን ያቀሩን።

"እንግዲያው አባትህን ልጥራና ያንብቡልህ" አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን በማስጠንቀቂያ አለፍኩት፤ ሌላ ጊዜም እንደዚሁ። ሙሐመድሁሴን የሐይቅ–ደሴ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሳቂታ ነው፣ ለሰው ደራሽ ነው፣ የታመመ ካየ በነፃ ሆስፒታል ያደርሳል። ከተማው ይወደዋል። እኔም እወደው ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በአንድ ግቢ ተጫውተን ነው ያደግነው።

ግንቦት ላይ ነው የሆነው። ሰርቪሱ ከትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ቆሟል፣ ሰሌዳው ተዘርግቷል። ሪታጅ የምትባል ትንሽ ልጅ በአውቶቡሱ ፊት ዞራ ልትሻገር ብቅ ስትል የሙሐመድሁሴን ሚኒባስ ከኋላ መጥቶ በሰርቪሱ ጎን ሽው አለ። ልጅቷን አልነካትም። ቦርሳዋን ግን ከትከሻዋ ነጥቆ ወሰደው። ደንግጣ ወደ ኋላ ስትዘል አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ መሐል አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ራቅ ብሎ ቆመና እየሮጠ ተመለሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አላየኋትም ሂንድዬ! ወላሂ አላየኋትም!"

"መንጃ ፈቃድ" አልኩት።

ከበፊቶቹ ማስጠንቀቂያዎች ጋር ተደምሮ ለስድስት ወር ከመንዳት ታገደ።

በእኛ አገር ለታገደ መንጃ ፈቃድ ሽማግሌ ይላካል። ሌላ ቦታ በስልክ ነው የሚለመነው፣ ወይም በሌላ ነገር። ሐይቅ ላይ ግን ለጋብቻ እንደሚሄዱት ሁሉ ነጭ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ሸህ ሐቢብ አልነበሩበትም። የቅሬው ዳኛ ስለሆኑና ነገሩም የልጃቸው ስለሆነ ቀርተዋል። ከፊት የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሐጂ ጠሃ፤ የሪታጅ አያት! ጫማዋ አስፋልት ላይ የቀረባት ልጅ የገዛ አያቷ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ ሐጂ" አልኳቸው።

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም ልጄ።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"እሱን እሺ ካልሽ በኋላ እንነግርሻለን።"

ወጉ እንደዚህ ነው፤ አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ከደጅ ከቆመ መጀመሪያ እሺ ይባላል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነገሩ ይወራል። እሺ የማይል ሰው በእኛ አገር ገና አልተወለደም ነበር። እናቴ ከኋላዬ ሆና "በይ እሺ በያቸው! በነቢ፣ ቆመው እኮ ነው!" ትለኛለች።

"ሐጂ፣ የልጅ ልጅዎ እኮ ናት" አልኳቸው።

"ናት። በሰላም ገብታለች፤ አልሐምዱሊላህ። አላህ ያተረፋትን ልጅ አንቺ ምን ቤት ነሽ ሰው የምትከሺባት?"

"ነገ አላህ ሌላዋን ላያተርፋት ይችላላ።"

"እሺ አትይም?"

"አልልም።"

አንድም ቃል ሳይጨምሩ ዞሩ። የዱላቸው ድምፅ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች፤ ሽማግሌ ከደጄ ቆሞ ተመለሰ እያለች።

በማግስቱ ቅሬው ከመስጊዱ አጠገብ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ፍርዱን የሰጡት ሸህ ሐቢብ ናቸው፤ ጥሩምባ ነፊው ከአጥሬ ውጭ ቆሞ ቃል በቃል ነገረኝ። "ልጄን መክሰሷ ሐቅ ነው፤ በዚያ ማንም እንዳይናገራት። ሽማግሌ አቁማ በመመለሷ ግን እሺ እስክትልና አጥፍቻለሁ እስክትል ቤቷ የሚገባ፣ እሳት የሚጭርላት፣ ሰላምታዋን የሚመልስ አይኑር። ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ በቀር። ሥራዋ ላይ ሆና የጠየቀችውን መመለስ ግዴታ ነው፤ ያኔ መንግሥት ናት።"

ፍርዳቸው ይህ ነው። ቢያንስ ጠማማ ቢሆኑ እጠላቸው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሳቅኩበት። ከዚያ አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሻጯ ዳቦውን ሰጥታኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከልጅነቴ ጀምሮ "ሂንዱ" እያለች ጠርታኝ የማታውቅ መሰለች። አሰላሙ አለይኩም እያልኩ አልፋለሁ፣ ዝም። ሰላምታ መመለስ ዋጂብ ነው፣ ግዴታ ነው ብዬ ጮክ ብዬ ብናገር "በልባቸው ይመልሱልሻል" የሚል መልስ በጥሩምባ ነፊው በኩል መጣልኝ። የልባቸውን ድምፅ ለመስማት ብዙ ሞክሬአለሁ። ታረቀኝ ብቻ ሰርቪሱን ይዞ ሲያልፍ አንዴ ጡሩምባ ያሰማኝ ነበር። ሰላምታ ይሁን የሥራ ጉዳይ ቅሬው አልወሰነበትም።

ለእኔስ ይሁን። እናቴን ነው ያቃጠለኝ። ቅጣቱ እሷን አይነካም ተብሏል፤ ግን እኔ ያለሁበት ቤት ማን ይገባል? እግሯ እያበጠ፣ ከአልጋ መውረድ እያቃታት መጣች። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

"ጀናዛዬን ማን ያነሣልኛል ሂንዱ?"

"አንቺ አትሞችም።"

"አንቺ ከከለከልሽው ሞትም ሳይፈራሽ አይቀርም" ትልና ትስቅ ነበር፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በክረምቱ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። መጀመሪያ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው በእግሩ፣ በጋሪ፣ በአይሱዙ አስፋልቱን ሞልቶ አለፈ። ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሆነ፣ ሰርቪሱ ልጆችን ትቶ አሮጊቶችን ማመላለስ ጀመረ። ጥቅምት ሲያልቅ ተራው የእኛ ሆነ። የአምባሰል ተራሮች ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራሉ። ፖሊስ ወደ ደሴ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ሰፈሩ ፍራሹን ተሸክሞ ሄደ። እናቴ አልጋዋን ይዛ "እኔ መቃብሬ እዚህ ነው፣ አንቺ ሂጂ" አለች። የት እሄዳለሁ? የደንብ ልብሴን በላስቲክ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኩት፣ የእናቴን ቀሚስ ለበስኩ፣ በሩን ዘጋሁ።

ከተማው ውስጥ ቀርተው የነበሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ሸህ ሐቢብ መስጊዱን ትቼ አልሄድም ብለዋል። ሙሐመድሁሴንም አባቱን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ሚኒባሱን ሌላ ሹፌር ሰው ሞልቶ ወደ ኮምቦልቻ ወስዶታል።

ታጣቂዎቹ ከተማውን በያዙ በጥቂት ቀን ውስጥ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አንድ ረፋድ ከበሬ ውጭ ድምፃቸውን ሰማሁ። በቀዳዳው ሳይ ሙሐመድሁሴን የውሃ ጄሪካን ይዞ መንገዱ ላይ አቁመውታል።

"እዚህ ሰፈር ፖሊስ፣ ሚሊሻ፣ የመንግሥት ሰው አለ?"

አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ኑሮውን የዘጋሁበት ሰው ነው፤ ስሜንም ሥራዬንም ያውቃል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ታደርጋለች።

"እዚያ ቤት አንዲት የታመሙ አሮጊት ናቸው ያሉት፣ ከልጃቸው ጋር" አለ።

"ልጃቸው ምን ትሠራለች?"

"አስታማሚ ናት።"

ሄዱ። እሱም ጄሪካኑን አንሥቶ ሄደ፤ ወደ በሬ አንዴም አልተመለከተም።

እናቴ የሞተችው በዚያው ኅዳር ነው። ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር፣ መድኃኒቷ አልቋል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እጄን ይዛኝ ሳለ እጇ ዝም አለ። የሴትን ሬሳ ወንዶች ይሸከማሉ፣ ሴቶች ያጥባሉ፤ ሰፈሩ ግን ሴት የለውም፣ ቢኖርም አይመጣም። ብቻዬን አጠብኳት። አገላብጦ የሚይዝልኝ ስላልነበረ በጉልበቴ ደግፌ አጠብኳት። የምትገነዝበት ነጭ ጨርቅ፣ ከፈኗ፣ ሳጥኗ ውስጥ ነበር፤ ለዓመታት አጥፋ ያስቀመጠችው፣ ብል እንዳይበላው በየበዓሉ አውጥታ ፀሐይ የምታሞቀው። አልብሼ ጨርሼ ወደ መስጊዱ ሄድኩ።

ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ለማን እናገራለሁ? አናግሬ የሚመልስልኝ የለም። ለግድግዳው ተናገርኩ።

"እናቴ ሞታለች" አልኩ።

ከውስጥ ሸህ ሐቢብ ሲነሡ የዱላቸውን ድምፅ ሰማሁ። ብዙም ሳይቆዩ ሙሐመድሁሴንና ሁለት ሽማግሌዎች ቃሬዛውን ይዘው መጡ። ገብተው አነሷት። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እኔም ሴት ነኝና እስከ መታጠፊያው ሸኝቼ ቆምኩ፤ ነጩ ጨርቅ ከቤቶቹ መሐል ገብቶ እስኪጠፋ አየሁ። ሐይቁ ከታች ዝም ብሎ ተኝቷል። ከዚያ ወደ ቤቴ ተመልሼ ግቢውን ጠረግኩ፣ ሰሌኑን ዘረጋሁ፣ ለቅሶ ልቀመጥ። ለቅሶ ደራሽ ቢመጣ የት ይቀመጣል ብዬ ሁለተኛ ሰሌን ከጓዳ አወጣሁ። ማንም አልመጣም። አውቄ ነው የዘረጋሁት፤ ግን ካልዘረጋሁ እናቴ የሞተች አይመስልም ነበር።

ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ከተማው ተለቀቀ፣ ሰዉም የሞተበትን እየቆጠረ ተመለሰ። መቃብር ቦታው ድረስ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን የተቀበረው ብዙ ነው። አዲስ አፈር በአዲስ አፈር ላይ፣ ስም የለ፣ ምልክት የለ። የትኛው የእናቴ እንደሆነ የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም አያናግሩኝም። ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየዞርኩ ለሁሉም ፋቲሐ ቀራሁ። በየትኛው ላይ ማልቀስ እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም። ያ ነው የሰበረኝ። ሥራዬ ላይ ሆኜ እንዳልጠይቃቸው፣ የእናቴ መቃብር የመንግሥት ሥራ አይደለም።

ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። በጦርነቱ የተኳረፈውን፣ በተዘረፈ ዕቃ የተካሰሰውን ሁሉ ያስታርቅ ጀመር። ጥሩምባ ነፊው እኔም ደጅ መጣ። "ሂንድ መጥታ አጥፍቻለሁ ትበል፤ ዱዓ ተደርጎ ይዘጋል።" ይኸው ነው። አንድ ቃል ብል ሰላምታ ይመለስልኛል፣ ሰሌኔ ላይ ሰው ይቀመጣል፣ የእናቴን መቃብር በጣታቸው ያሳዩኛል።

ሄድኩ። እስከ ዋርካው ድረስ ሄድኩ። ሁሉም ተቀምጠዋል፣ ሐጂ ጠሃ ቦታ ሊለቁልኝ ጠጋ ብለዋል። ሸህ ሐቢብ መሬት መሬት ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። ያ እግር ጫማ ታየኝ፤ መሐል አስፋልቱ ላይ፣ ብቻውን፣ ማሰሪያው የተፈታ። ምኑን ነው ያጠፋሁት? አፌን ዘጋሁና ተመለስኩ። እቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እናቴን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ጮክ ብዬ፣ እያለቀስኩ።

ትምህርት ተከፈተ። ሰርቪሱ መስታወቱ ረግፎ፣ ወንበሩ ተነቃቅሎ በላስቲክና በሳንቃ ተጠጋግኖ ተመለሰ፤ ቀዩ ሰሌዳ ግን በተአምር ደኅና ነበር። የደንብ ልብሴን ከጓሮ አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ ቆምኩ። አሁን ሁሉም ይቆማል! ሰሌዳው ገና ሲንቀሳቀስ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ የጭነት መኪናው ቀጥ ይላል። የበላይ ኃላፊዬ ከደሴ መጥቶ አይቶ አመሰገነኝ። ልጆቹን ብለው የቆሙ መስሎት ነው። እኔ አውቃለሁ፤ የሚቆሙት ካጠፉ እጠይቃቸዋለሁ፣ ከጠየቅኳቸው ይመልሱልኛል፣ ያን ለመሸሽ ነው። የሚያናግረኝ ከሩቅ አገር የመጣ ሹፌር ብቻ ነው። አንዱን የአዲስ አበባ ተሳቢ ሹፌር ስከሰው በዘር ማንዘሬ ሰደበኝ። ስድቡን እየሰማሁ ደስ አለኝ፤ እንዳያቋርጥ ብዬ ወረቀቱን ሁለቴ አበላሸሁ። እስከዚህ ደርሻለሁ።

ሙሐመድሁሴን እገዳው አልቆ መንዳት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ከሰርቪሱ ኋላ ይቆማል፣ ሰሌዳው ሲታጠፍ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ያልፋል።

ሚያዝያ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰርቪሱ እንደ ወትሮው ቆመ። ሰሌዳው ተዘረጋ፣ ልጆቹ ወረዱ። ሪታጅ ዛሬም የመጨረሻ ናት፤ አድጋለች፣ ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረችና በሩን ገባች። ሰሌዳው ገና አልታጠፈም። ይህን ጊዜ የሙሐመድሁሴን ሚኒባስ ከሰልፉ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ፣ በሰርቪሱ ጎን አለፈና እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ውስጡ አንድ ተሳፋሪ የለም፣ ረዳቱም የለም፤ በገበያ ቀን!

መንጃ ፈቃዱን አስቀድሞ በእጁ ይዞታል።

"አጥፍቻለሁ፣ ክሰሺኝ" አለ።

የሐይቅ ሰው ድምፅ ወደ እኔ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ረስቼ ነበር። ፊሽካው ከአፌ ወደቀ።

"ምን ሆነሃል አንተ? ተሳፋሪዎችህስ?"

"አውርጃቸው ነው የመጣሁት። ለዚህ ተሳፋሪ አያስፈልግም።" ወደ ወረቀቴ አመለከተኝ። "ጻፊ እንጂ። ካልጻፍሽ እኮ ወሬ ሆነብን።"

ያኔ ገባኝ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

"ስም?" አልኩት፤ ስሙን የማላውቅ ይመስል።

"ሙሐመድሁሴን ሐቢብ። አባቴ ትናንት ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ቅሬ የፈረደውን እኔ ብቻዬን አልሽርም። መንግሥት ከጠየቀህ ግን መመለስ ግዴታህ ነው፤ ሳታጠፋ ደግሞ አይጠይቅህም' አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። የታርጋ ቁጥሬን አትጠይቂም?"

ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ጠየቅኩ።

"እናቴ የት ጋ ናት?"

ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ መቃብሩ በኩል አመለከተኝ።

"ከመግቢያው በስተቀኝ፣ የመጨረሻው ቁልቋል አለ አይደል? ከእሱ ሥር ናቸው። ከራስጌያቸው ጠቆር ያለ ድንጋይ አቁሜአለሁ፤ ከሐይቁ ዳር ነው ያመጣሁት፣ እንዳይጠፋ ብዬ።"

"ማን አሰገደባት?"

"አባቴ ናቸው። ከቁርአኑ ያሲንንም ቀርተውላቸዋል። ከላይ መሣሪያው ይጮህ ነበር፤ ወላሂ ማንም አልቸኮለም።"

"ከበደቻችሁ?"

"ኧረ! እንደ ልጅ ቀላል ነበሩ። ከራስጌ የያዝኳቸው እኔ ነኝ።"

እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ክስ ጽፌ አላውቅም። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ቁም ጸሐፊ ነው የሣልኩት። ቀና ስል ቀዩ ሰሌዳ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። አስፋልቱ ላይ አንድ ልጅ የለም፤ ታረቀኝ መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ወደ ሐይቁ ያያል። ከኋላውና ከፊቱ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ማሽላ የጫነው አይሱዙ ተሰልፈዋል። ለገበያ የሚቸኩሉ ሰዎች ናቸው። አንድም ጡሩምባ አልተሰማም።

"ይህ ለስንት ጊዜ እንደሚያሳግድህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አውቃለሁ። የሚኒባሱን ባለቤት ነግሬዋለሁ።"

ባልጽፈውስ? አሰብኩት፤ አልዋሽም። ቀድጄ ብጥለው እሱ ሕግ ጥሶ ከተቀጣች ሴት ጋር ያወራ ሰው ይሆናል፣ ክሱ ካለ ግን ለመንግሥት የመለሰ ሰው ነው። ደግሞም ሰሌዳው ተዘርግቶ አልፏል። ፈረምኩና ወረቀቱን ሰጠሁት፣ መንጃ ፈቃዱን ተቀበልኩ።

ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሣ። ከመሄዱ በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኖቼን አየኝ።

"አብሽሪ ሂንዱ። አላህ ይዘንላቸው።"

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። "አሚን" አልኩት። እሱ ሲሄድ ሰሌዳው ታጠፈ፣ መኪኖቹም በተራ አለፉ። ሁሉም ፊት ፊቱን እያየ፣ እንደ ፍርዱ።

ከሥራ ስወጣ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ መቃብር ቦታው ሄድኩ። ቁልቋሉ አለ፣ ድንጋዩም አለ፤ ውሃ ያሞለጨው ጥቁር የሐይቅ ድንጋይ ነው። ስንት ጊዜ አልፌው እንደነበር! መሬቱ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ከዚያ ጀናዛዋን ማን እንዳነሣላት ነገርኳት፤ ስትጠይቀኝ ነው የሞተችው።

መንጃ ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው። እገዳው ሲያልቅ ሊወስደው ቢሮዬ መምጣቱ አይቀርም፤ ደንቡ ነው። ነገ ጠዋት አንድ ወንበር ፈልጌ ከጠረጴዛዬ ፊት አስቀምጣለሁ። የምጠይቀው ገና ብዙ አለኝ።